የሽንቁሯ ቅሪት

ደሴ ላይ ቤት ሲፈርስ ለቅሶ መቀመጥ የተጀመረው በሁለተኛው የማፍረስ ዙር ነው ይላሉ። በመጀመሪያው ዙር ሰው ከመደንገጡ ብዛት ማልቀሱን ረስቶት ነበር። በሦስተኛው ዙር ግን ነገሩ ወግ ይዞ፣ ቅሬው ድንኳን ይጥላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት እየገባ «ምትኩን ያሙቅልሽ» ይላል፣ ባለቤቷም አንገቷን ደፍታ «አሜን» ትላለች። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ድሮ ሰው ሲሞት ብቻ ይደርስ የነበረ፣ ዛሬ ቤት ሲሞትም የሚደርስ። እውነቱን ለመናገር በአዲሱ ቤት የሚታማ ነገር የለም። ይሞቃል፣ አያፈስም፣ ውሃው አይቋረጥም፤ የሚሠራውም ከአሮጌው ቤት ዱቄት ነው። ከተማው በየተራው እየተፈጨ በየተራው ይበቅላል፤ ተራው የማይደርሰው ሰፈር የለም።

ከለቅሶው ይልቅ የሚከብደው ስም መስጠቱ ነበር። ቤቱ ከወደቀ በኋላ ባለቤቱ መሃሉ ቆሞ፣ ለቃሚው የሚያነሣውን ሁሉ በአፉ መሰየም አለበት። «ፍርስራሽ» ያለው ወደ ወፍጮ ይሄዳል። «ስብርባሪ» ያለው ወደ እቶን፣ «ውዳቂ» ያለው ወደ ገደል። «ቅሪት» ያለው ብቻ ይመለስለታል፤ እሱም አንዲት ሳጥን ከሞላች አበቃ። ለቃሚው ፍየል የሚያህል፣ ድምፁ የዜና አንባቢ የሚመስል፣ ትሕትናው የማያልቅ ማሽን ነው። ለቅሶ አይሰማም፤ የሚሰማው ቃል ነው።

ከዚህ የተነሣ የደሴ ሰው አፉን መጠበቅ ለመደ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚለውን ተረት ያኔ ነው በደንብ የገባው። ሰነፍ ልጁን «አንተ ውዳቂ» ብሎ የተቆጣ አባት፣ ማለዳ ሲነሣ ለቃሚው የልጁን አልጋ ሲዞር አገኘው ይባላል። ሴቶች ብርጭቆ ሲሰበር ዝም ብለው ይጠርጉታል እንጂ ስሙን አይጠሩም። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይማም ደግሞ አንድ ቀን ደጃፍ ተቀምጠው «እኛማ የድሮ ሰው ቅሪት ነን» እያሉ ሲያወጉ ለቃሚው ቆመና «ባለቤቱ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሚስታቸው ከጓዳ «የኔ ነው፣ ተወው» ባይሉ ኖሮ ምን ይደርስባቸው እንደነበር እሳቸውም አያውቁም። ሰፈሩ በዚህ አንድ ክረምት ሙሉ ስቋል።

መዲና እንድሪስ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ያረጀች፣ ወደ ሰባ የተጠጋች ሴት ናት። የግድግዳ ጎረቤቷ ደብሪቱ በዕድሜ ጥቂት ታንሳታለች፤ በወሬ ግን አሥር እጥፍ ትበልጣታለች። መዲና ሙስሊም፣ ደብሪቱ ክርስቲያን፤ በመሃላቸው አንድ የድንጋይ ግድግዳ፣ በግድግዳው ላይ አንዲት ሽንቁር። ሽንቁሯን ማን እንደበሳት አይታወቅም፤ ሁለቱም ሙሽራ ሆነው ሲገቡ ነበረች። ሰሃን ታሳልፋለች። በዚያች ሽንቁር ጨው አልፏል፣ ቃሪያ አልፏል፣ መርፌና ክር፣ የራስ ምታት ክኒን፣ የተኳረፉ ባሎች መልእክት አልፏል። የመዲና ልጅ ኢክራም ጨቅላ ሳለች አንድ ሁለት ጊዜ አልፋባታለች። ከሥጋ በቀር ያላለፈባት ነገር የለም።

የአዲሱ ቤት ዕጣ ሲወጣ ለመዲና ጢጣ፣ ለደብሪቱ ቦሩ ደረሳቸው። አንዱ በከተማው ጫፍ ነው፣ ሌላው በሌላው ጫፍ፤ መሃሉን ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት አትሻገረውም። መዲና ዕጣውን ስትሰማ ቤትሽ ሊፈርስ ነው ሲሏት ካለቀሰችው በላይ አለቀሰች። ኢክራም ከብዙ ዓመት በፊት ባሕር ላይ ወደተሠሩት ተንሳፋፊ ከተሞች ለሥራ ሄዳ፣ በአንዱ የማዕበል ዓመት የነበረችበት ከተማ ከነሰዉ ሰጥሟል። ባሕር ቅሪት አይመልስም። ከዚያ ወዲህ መዲና ቤቱ ጭር ሲልባት ወደ ሽንቁሯ ዞራ «አለሽ?» ትላለች፤ «አለሁ» የሚላት ድምፅ የደብሪቱ ነው። ይህን ድምፅ ካጣች ቤቱ ሞቀ በረደ ለሷ ምኗም አይደለም።

መላ ያመጡት ጋሽ ይማም ናቸው። ደንቡ ውስጥ የጋራ ቅሪት የሚባል ነገር አለ፤ የማይከፈል ነገር በጋራ ያላቸው ሰዎች በር ለበር ቤት ይሰጣቸዋል፣ ዕቃውን ሁለቱም እንዲያዩት። ለወራሾች ተብሎ የወጣ ነው፤ ለጎረቤት አይሆንም የሚል ግን አልተጻፈም። ሽንቁሯ ያለችበት የግድግዳ ቁራጭ ሳትሰበር ከወደቀች፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ቆማችሁ የጋራ ቅሪት በሏት አሏቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለዚህ ነው ብለውም መረቋቸው።

ቤቱ ሰኞ ወደቀ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ መዲና ስም ልትሰጥ ገባች፤ ቅሬተኛው ከድንኳኑ ሥር ንፍሮውን እየቆረጠመ ያያታል።

ለቃሚው ቆርቆሮ አንሥቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቃት «ፍርስራሽ» አለች። የመስኮቱን መስታወት ሲያነሣ «ስብርባሪ» አለች። የልብስ ስፌት ጠረጴዛዋን፣ ያውም ሦስት እግር የቀረውን፣ ወደ ላይ ሲያነሣው ግን አፏ ተያዘ። በድሮ አማርኛ ለወደቀ ነገር ሁሉ የየራሱ ስም ነበረው፤ የሸክላው ገል፣ የድንጋዩ ፍንካች፣ የእንጨቱ ጉማጅ፣ የጨርቁ ቡትቶ ይባል ነበር። ለቃሚው የሚያውቀው አራት ብቻ ነው። ሳጥኗን ለሌላ ነገር ትፈልጋታለችና «ፍርስራሽ ይሁን» አለች። ወፍጮ ከገባ ቢያንስ የሆነ ሰው ግድግዳ ውስጥ ይኖራል ብላ ራሷን አጽናናች።

የግድግዳዋ ቁራጭ ከጭቃው ሥር ደህና ወጣች። ሽንቁሯ መሃሏ ላይ ክፍት እንደሆነች ነው። ደብሪቱ ነጠላዋን አሸርጣ ከድንኳኑ መጣችና ከመዲና ጎን ቆመች። ሁለቱም እንደተመከሩት በአንድ አፍ «የጋራ ቅሪት» አሉ። ለቃሚው ተቀበላቸው። ቅሬተኛው እፎይ አለ።

ከዚያ ለቃሚው ማንም ያላሰበውን ጥያቄ አመጣ።

«በማን ቤት ይቀመጥ?»

ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው «አንቺ ቅደሚ፣ ላንቺ ይሁን፣ በሞቴ» ስትል የኖረች ምላስ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። መዲና «በሷ» አለች።

«ኧረ በማርያም! በሷ ይሁን እንጂ» አለች ደብሪቱ።

«ወላሂ አላደርገውም። ይዛው ትሂድ።»

ለቃሚው ደንቡ ነውና ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ሦስት ጊዜም አንዷ ለሌላዋ ሰጠች። በሦስተኛው ላይ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ እንዲህ ያለ ግብዣ በየማዕዱ የሚታይ ነው፣ መጨረሻው ላይ አንዷ ትሸነፋለች። ለቃሚው ግን ማዕድ ቀርቦ አያውቅም።

«ተቀባይ የሌለው ነገር ውዳቂ ነው» አለ በትሕትና፤ ቁራጯንም ገደል ከሚወርዱት ጋር አኖራት። ገደል የሚወረደው ዓርብ ነበር።

ለመላቀስ እንኳ አፈሩ። ደብሪቱ «ምን ነክቶኝ ነው?» እያለች ራሷን ትረግማለች፤ መዲናም የኔ ጥፋት ነው ትላለች፤ ጋሽ ይማም በዚህም ልትገባበዙ ነው ወይ ብለው ተቆጧቸው። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱ ተደጋግፈው ወደ ቅሪት ጽሕፈት ቤት ወጡ።

ያነጋገረቻቸው ሶስና የምትባል ፊቷ ገራገር የሆነ ወጣት ሠራተኛ ናት። ታሪኩን ስትሰማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። አንዴ የተሰጠ ስም አይለወጥም አለች። ቆይታ ቆይታ ግን በሩን ዘጋ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ስምን የሚያቆመው ክርክር ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዕቃ «የኔ ነው» ብለው ከተጣሉበት፣ ጠቡ እስኪያልቅ ዕቃው አይነካም፤ ተጣዮቹም መጥሪያ በአንድ ጊዜ እንዲደርሳቸው በር ለበር ይቀመጣሉ። በየዓመቱ ለቃሚው መጥቶ ታርቃችኋል ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። አልታረቅንም ካሉ አንድ ዓመት ይጨመርላቸዋል።

«ግን እናቶቼ፣ የውሸት ጠብ ያውቃል» አለች ሶስና። «ትንፋሽ ነው የሚሰማው። ባልና ሚስት ሊያታልሉት ሞክረው አልሆነላቸውም። ለማንም እንዳትናገሩ፤ እንዲያው በደንብ ተጣሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በድንኳኑ ጀርባ ጠብ ይለማመዱ ጀመር። አርባ ዓመት ያልተጣሉ ሴቶች ከየት ይጀምሩት? ደብሪቱ «አንቺ ወጥ ላይ ጨው ታበዣለሽ» አለች። መዲና ይህን ስትሰማ አዎ አበዛለሁ፣ ምላሴ ደንዝዞ ነው ብላ አመነች። መዲና በተራዋ «አንቺ ወሬኛ» ለማለት አፏን ከፍታ፣ ያችን ወሬ ባትሰማ ስንት ቀን ብቻዋን ይመሽባት እንደነበር ታሰባትና ተወችው። መጨረሻ ላይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለውሸቱ እንኳ የሚሆን ቂም አጣን አለች ደብሪቱ፤ መዲናም ሳቋን አቋርጣ ወደ ጦሳ ተራራ አየች።

ዓርብ ደረሰ። ለቃሚው ውዳቂውን ሊጭን ሲል ሁለቱ ፊቱ ቆሙ፤ መዲና «ዕቃው የኔ ነው» አለች፣ ደብሪቱ «የለም፣ የኔ ነው» አለች፤ ድምጿ ግን እንግዳ እንደምታስተናግድ ሴት ነበር። ለቃሚው አዳመጠና «ጠብ አልተገኘም» አለ።

ደብሪቱ ደፈር አለች። ይህቺ ሴት ንፉግ ናት፣ እፍኝ ጨው ነፍጋኛለች አለች ጮክ ብላ። የመዲናን እጅ የሚያውቅ ቅሬተኛ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። «ጠብ አልተገኘም» አለ ለቃሚው፤ የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ እንደቀረም ነገራቸው።

ይባስ ብሎ ጋሽ ይማም ከሁለት ሽማግሌ ጋር ደረሱ። ምስጢሩን አያውቁም። ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ ቁራጭ ግድግዳ ተጣሉ ሲባል ሰምተው፣ በእርጅናቸው ተለያይተው ሳይሄዱ ላስታርቃቸው ብለው ከዘራቸውን ይዘው ሮጠው ነው የመጡት። መሃላቸው ገቡና «በሉ አሁን፣ ለኔ ስትሉ፣ ተሳሳሙ» አሉ። የሽማግሌ ቃል ማንም አይገፋም። የደብሪቱ እግር ሳታዝዘው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

መዲና ያችን እርምጃ አየች። ብትሳሳም ጢጣ ናት፤ ብቻዋን ናት፤ «አለሽ?» ብትል ግድግዳው ብቻ ነው የሚሰማት። ያን ጊዜ አፏን ስትከፍት የወጣው የተለማመዱት አልነበረም።

«ልጄ ስትሄድ ታውቂ ነበር» አለች።

ደብሪቱ ባለችበት ቀረች።

«በሽንቁሯ ነግራሻለች። የማላውቅ እንዳይመስልሽ። ራሷ ከባሕር ደውላ ነገረችኝ። ‹እትዬ ደብሪቱ ታውቅ ነበር፣ እንዳትቀየሚያት› አለችኝ። አልቀየምም አልኳት፤ ዋሸኋት። አንቺ ያን ጠዋት መጥተሽ ከኔ ጋር ፈለግሻት። ከኔ ጋር መናኸሪያ ወረድሽ። እያወቅሽ።» ጣቷን ወደ ቁራጯ ቀሰረች። «ሳልመርቃት ነው የሄደችው ደብሪቱ። የኔ ቃል ራሷ ላይ ሳይደርስ ነው ባሕር የገባችው። ሰጠመች ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው። ያቺ ድንጋይ የኔ ናት። የልጄ አፍ መጨረሻ ላይ የነካው እሷን ነው፤ ላንቺ አልሰጥም።»

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚቆረጥም ሰው ጠፋ። ለቃሚው በዚያው በዜና አንባቢ ድምፅ «ክርክሩ ተመዝግቧል» አለ፣ ቁራጯንም ከውዳቂው መሃል መልሶ አወጣት። ጋሽ ይማም ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ይህ የዛሬ ዕርቅ አይደለም ብለው ሽማግሌዎቹን ይዘው ሄዱ።  ደብሪቱ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ ሄደች።

በር ለበር ተሰጣቸው። አራተኛ ፎቅ፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ፤ ቁራጯም በመተላለፊያው መካከል፣ ከሁለቱ በር እኩል ርቀት ላይ፣ በብረት እግር ላይ ቆመች። የሕንፃው ልጆች በሽንቁሯ እየተያዩ ይሳሳቃሉ። መዲና የፈለገችው ሁሉ ሆነላት፤ ደብሪቱን ግን አጣቻት። ደሴ ላይ ሰላምታ መንፈግ ከስድብ ይከፋል፤ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም ነበር። መዲና የደብሪቱ በር ሲከፈት ትሰማለች፤ እስኪዘጋ ትጠብቅና ትወጣለች። ደብሪቱም እንዲሁ ታደርጋለች። ጢጣና ቦሩ እንኳ ከዚህ ይቀርቡ ነበር። በቀን ስንቴ መዲና ከበሩ ኋላ ቆማ እጀታውን ይዛ ትመለሳለች። የተናገረችው እውነት ነው፤ እውነት በመሆኑ አልጸጸታትም። የጸጸታት ደብሪቱ ስትሰማው ፊቷ ላይ የታየው ነገር ነው። ያን ፊት ሥራ ስትይዝም፣ ስትሰግድም ታየዋለች።

ረመዳን ገባ። በመጀመሪያው ቀን መግሪብ ሲቃረብ መዲና በሯን ስትከፍት፣ በሽንቁሯ ውስጥ አንድ ሰሃን ተቀምጦ አየች። የተሸፈነ ሾርባ ነበር፣ ትኩስ፤ አጠገቡ ሦስት ቴምር። መተላለፊያው ላይ ሰው የለም። ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ እንደምትወደው። መዲና አፈጠረችበት፣ ሰሃኑን አጠበች፣ ከዚያም ባዶ ሰሃን አይመለስምና ሙዝ አድርጋ በሽንቁሯ አኖረችው። ሰሃኑ እንዲህ እየሄደ እየመጣ ወሩ አለቀ፤ ሰዎቹ ግን አልተያዩም።

የዒድ ዋዜማ ከሰዓት ላይ መዲና ሰሃኑን ልትመልስ ስትወጣ በሽንቁሯ ማዶ የደብሪቱን ዓይን አየች። ደብሪቱ አልሸሸችም። መዲናም ጎንበስ አለች። ዙሪያቸው ሁሉ ክፍት ነው፤ ሁለት እርምጃ ቢዞሩ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሁለቱ አሮጊቶች ግን ግድግዳ የሌላት ሽንቁር ላይ ግራና ቀኝ ተጎንብሰው ቀሩ፤ በሌላ መንገድ መነጋገር አያውቁበትም።

«መርቄያታለሁ» አለች ደብሪቱ።

መዲና ወደ ሽንቁሯ ይበልጥ ተጠጋች።

«አስምላኝ ነበር፣ ለእናቴ እንዳትነግሪ ብላ። ያን ዕለት ማለዳ ጓዟን ይዛ መጥታ በሽንቁሯ ስትሰናበተኝ፣ ‹ቆይ› አልኳትና እጄን አሾልኬ ራሷ ላይ አደረግሁ። በማርያም ብዬ ልጀምር ነበር፤ ያንቺ ልጅ ናትና ተውኩት። ‹አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ› አልኳት። አንቺ እንደምትይው፣ አንድም ሳላጎድል። ይህ የእናትሽ ነው አልኳት። ‹አሜን› አለች።»

መዲና ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችው። እንባዋ ይወርዳል፤ ልታብሰው አልሞከረችም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ከሰጠመች በኋላ እንኳ።»

«ፈራሁ» አለች ደብሪቱ። «መጀመሪያ መሐላው። ኋላ ደግሞ እንዳትጠዪኝ። በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ‹አለሽ?› ትይኛለሽ። ያን ‹አለሽ?› እንዳላጣ ነው።»

 ከሕንፃው ልጆች አንዱ ሊያልፍ ሲል አያቸውና ቀስ ብሎ በመጣበት ተመለሰ። መዲና እጇን በሽንቁሯ አሾለከች፤ ደብሪቱ ያዘችው፣ ሳመችው። ይቅር ለእግዜር አለች አንዷ፤ ይቅር ለአላህ አለች ሌላዋ።

«አንድ የቀረ አለ» አለች ደብሪቱ እንባዋን ጠርጋ። «አሜን ካለች በኋላ፣ ልትዞር ስትል፣ ላንቺ የተናገረችው ቃል አለ። ከቤት ስትወጣ መጨረሻዋ እሱ ነው። ልንገርሽ።»

መዲና መላ ሰውነቷ ወደዚያ ቃል ዘነበለ። ባሕር አንዲት ፀጉሯን እንኳ ያልመለሰላት ልጅ፣ ከሷ የተረፈ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ እሱም እዚች ሴት አፍ ውስጥ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። ከንፈሯ «ንገሪኝ» ሊል ተከፍቶ ነበር።

«ቆይ» አለች።

ደብሪቱ ግራ ገባት።

«እሱን ከነገርሽኝ በምን እቀየምሻለሁ?»

«አትቀየሚኛ!»

«ለቃሚው ሲመጣስ?»

ደብሪቱ አሁን ገባት። ቀና አለችና ሁለቱን በሮች አየች።

«ሌላውን ሁሉ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች መዲና። «ሾርባሽ ወሰደው። ይቺን ግን አስቀምጪያት። እስካልነገርሽኝ ድረስ ከልቤ እቀየምሻለሁ፤ ውሸት የለበትም።»

«መዲናዬ፣ ብትሞቺስ ሳትሰሚው?»

«ከሞትኩማ ራሷ ትነግረኛለች።»

«እኔ ቀድሜ ብሞትስ?»

 መዲና የፈራችው እሱን ነበር። ቢሆንም ሳቅ ለማለት ሞከረች። «አትሞቺም። አንቺ ወሬ ይዘሽ ማደር መቼ ታውቂበታለሽ?»

«ይቺን ይዤ ስንት ዓመት አደርኩ» አለች ደብሪቱ፤ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ፎቅ ላይ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ በሮቻቸው ተከፍተው ይውላሉ። አንዳንድ ቀን መዲና የልጇ ነገር ሲመጣባት ደብሪቱን አፍጥጣ ታያታለች፤ ደብሪቱም ልንገርሽ ወይ ብላ በዓይኗ ትጠይቃታለች። መዲና አንገቷን ትነቀንቃለች። በዚያን ቀን እውነትም ትቀየማታለች፤ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች፤ ማታ ላይ ትከፍተዋለች። ጋሽ ይማም ሁለቱን አብረው ሲበሉ አይተው፣ የማይታረቁ ሴቶች እንዲህ ሲዋደዱ በሕይወቴ አላየሁም ብለው ተገረሙ። ማንም አላብራራላቸውም።

ዓመቱ ሲደርስ ለቃሚው በመተላለፊያው መጣ። ሁለቱ ከየበራቸው ወጥተው ከቁራጯ ግራና ቀኝ ቆሙ። ደብሪቱ ነጠላዋን አስተካከለች። መዲና ከንጋት ጀምሮ ስትነሣ ስትቀመጥ ነበር፤ ለቃሚውን ፈርታ አይደለም፤ ያን ቃል ዛሬ አጥብቃ ስለፈለገችው ነው።

«ታርቃችኋል?» አለ ለቃሚው።

መዲና ወደ ደብሪቱ አየች። ደብሪቱ ከንፈሯን ገጥማ ያዘች።

«ትንሽ ይቀረናል» አለች መዲና።

ለቃሚው ትንፋሿን አዳመጠ። ሐሰት አላገኘበትም።

«የቀረው ምን ያህል ነው?»

መዲና እጇን ሽንቁሯ ላይ አሳረፈች።

«ለከርሞ የሚበቃ» አለች።